የተሽከርካሪ ፍሰትና የመንገድ አቅም ምዘና በወላይታ ሶዶ

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ወላይታ ሶዶ የበርካታ አውራ ጎዳናዎች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ የሚመጣው መንገድ በአረካ በኩል፣ ከሻሸመኔ በሃላባ ቁሊቶ የሚመጣው ደግሞ በቦዲቲ በኩል ወደ ከተማዋ ይገባሉ። በሁምቦ ጠበላ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ በዳውሮ በኩል ወደ ጅማ፣ በዲምቱ በኩል ወደ ሐዋሳ፣ እንዲሁም ወደ ጎፋዋ ሳውላ የሚወስዱ መንገዶችም ከዚችው ከተማ ይነሳሉ።

በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 76 ሺህ 50፣ የዞኑ ሕዝብ ደግሞ 1 ሚሊዮን 501 ሺህ 112 እንደነበር ተመዝግቧል። የወላይታ ዞን በአገሪቱ ሕዝብ በብዛት ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። አርባ ምንጭንና ዲላን ጨምሮ ሌሎች ከተሞችም የክልሉን ተቋማት ስለሚጋሩ በመካከላቸው የሚደረገው የሥራ ጉዞ በእነዚሁ መንገዶች ላይ ተጨምሯል።

በዚህ ሁኔታ ሙዝ ጭኖ ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ የጭነት መኪና፣ ከገጠር ቀበሌ ገበያተኛ ያመጣ ሚኒባስ፣ በየመቶ ሜትሩ ተሳፋሪ የሚያነሳና የሚያወርድ ባጃጅ እንዲሁም በእግሩ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ተማሪ አንድ ጎዳና ይጋራሉ። መንገዱ ሲጨናነቅ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሳው ሐሳብ ማስፋት ነው። ይሁን እንጂ ማስፋት የሰው አጥርና ሱቅ ማፍረስን፣ ካሣ መክፈልንና ከፍተኛ በጀት መመደብን ይጠይቃል። ችግሩ ከስፋት ማነስ ያልመጣ ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ወጪ ተደርጎም መጨናነቁ አይቀርም። ስለሆነም ከውሳኔው በፊት በመንገዱ የሚያልፈው የትራፊክ መጠን ከመንገዱ የማስተናገድ አቅም ጋር ሊነጻጸር ይገባል። ይህ ጽሑፍ የምዘናውን ዘዴና ለሶዶ መሰል ከተሞች ያለውን ጠቀሜታ ያብራራል።

መጠንና አቅም

የትራፊክ መጠን ማለት በአንድ የመንገድ ክፍል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚያልፉ ተሽከርካሪዎች ብዛት ነው። ዓመቱን ሙሉ ያለፉት ተሽከርካሪዎች በዓመቱ ቀናት ብዛት ሲካፈሉ የሚገኘው ውጤት ዓመታዊ አማካይ የቀን ትራፊክ ይባላል። ይህ አኃዝ የመንገዱን ደረጃ፣ የአስፋልቱን ውፍረትና የጥገናውን በጀት ለመወሰን ያገለግላል።

የማስተናገድ አቅም ደግሞ መንገዱ ባለበት ሁኔታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያሳልፈው የሚችለው ከፍተኛው የተሽከርካሪ ብዛት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው መጠን በቀን፣ አቅም ግን በሰዓት የሚነገር መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ጭር ብሎ የሚውል መንገድ ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ ለአንድ ሰዓት ሊታፈን ይችላል። የቀን አማካዩ ይህን መታፈን አያሳይም። በመሆኑም ለንጽጽሩ የሚያስፈልገው ከቀኑ ሰዓታት ሁሉ የበዛ ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ሰዓት መጠን ነው።

በኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በሚል ስያሜ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የሚባለው መሥሪያ ቤት የአገር አቋራጭ መንገዶችን ይሠራል፤ ይጠግናል። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመንገድ ቅርጽ ዲዛይን መመሪያ መንገዶች በዓመታዊ አማካይ የቀን ትራፊካቸው በ8 ደረጃዎች ተመድበዋል። ዝቅተኛው ደረጃ በቀን ከ25 ያነሱ ተሽከርካሪዎች ለሚያልፉበት የገጠር መንገድ ሲሆን፣ ከፍተኛው ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ለሚያልፉበት ዋና መንገድ ነው። ምደባው ለአገር አቋራጭ መንገድ ጥሩ መነሻ ቢሆንም በከተማ ውስጥ ያለ መስቀለኛ መንገድ ስለሚኖረው አቅም ግን ብዙ አይናገርም።

ቆጠራው እንዴት ይካሄዳል

የምዘናው የመጀመሪያ ሥራ ቆጠራ ነው። ሠልጣኝ ቆጣሪዎች በተመረጠ ቦታ ተቀምጠው በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚያልፈውን ተሽከርካሪ በዓይነቱ ለይተው በየ15 ደቂቃው በቅጽ ላይ ይመዘግባሉ። በመንገድ ላይ የሚዘረጋ የጎማ ቱቦ ወይም የቪዲዮ ካሜራም ለዚሁ ተግባር ይውላል።

የተለመደው አሠራር ቆጠራው ለ7 ተከታታይ ቀናት እንዲካሄድ ነው። ከእነዚህም ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ የሳምንቱ መጨረሻ ቀን ሙሉ 24 ሰዓት ይቆጠራሉ። በቀሩት ቀናት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መቁጠር ይበቃል። ሳምንቱን ሙሉ መቁጠር ያስፈለገው በገበያ ቀንና በሌላው ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ለመያዝ ነው። በአንድ ማክሰኞ ብቻ የተካሄደ ቆጠራ የገበያውን ቀን መጨናነቅ ሳያይ ሊቀር፣ በገበያ ቀን ብቻ የተካሄደው ደግሞ ሳምንቱን ሁሉ ገበያ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

የወቅቱ ምርጫም ጥንቃቄ ይሻል። በመስከረም ወር የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና የመስቀል በዓል ተከታትለው ሲመጡ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች በብዛት ወደ ቀያቸው ይመለሳሉ። በዚህ ሳምንት የተወሰደ ቆጠራ የዓመቱ አማካይ ሊሆን አይችልም። በበዓሉ ለሚኖረው የመናኸሪያ ስምሪትና የትራፊክ ቁጥጥር ዝግጅት ግን ራሱን የቻለ ቆጠራ ማካሄድ ጠቃሚ ነው። የክረምቱና የመኸሩ ወቅት እንቅስቃሴም ስለሚለያይ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መቁጠር ይመከራል።

የተለያዩ ተሽከርካሪዎችን በአንድ ሚዛን

አንድ ባጃጅና አንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በቆጠራ ቅጽ ላይ እኩል አንድ አንድ ሆነው ቢመዘገቡም በመንገዱ ላይ የሚይዙት ቦታና ጊዜ እኩል አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይነት በአንድ የቤት አውቶሞቢል መለኪያ ይመነዘራል። ይህም የአውቶሞቢል አቻ ይባላል።

ምንዛሪው እንደ መንገዱ አቀማመጥ ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የአሜሪካ የአውራ ጎዳና አቅም መመሪያ ባለ ብዙ መስመር መንገዶችን በሚመለከት አንድ የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ በሜዳማ ቦታ 1 ነጥብ 5፣ በወጣ ገባ ቦታ 2 ነጥብ 5፣ በተራራማ ቦታ ደግሞ 4 ነጥብ 5 አውቶሞቢል እንዲተካ ያደርጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሲያዘግም ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያዘገያል። በዳሞታ ተዳፋት ላይ ለተሠራች ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የባጃጅና የጋሪ ምንዛሪ ግን ከውጭ መመሪያ እንዳለ ከሚወሰድ በቦታው በሚደረግ ልኬት ቢወሰን ይመረጣል።

አቅም ቋሚ ቁጥር አይደለም

ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ የመጀመሪያ እትም እ.ኤ.አ. በ1950 ሲወጣ ባለ ሁለት መስመር መንገድ በጥሩ ሁኔታ ላይ ሲገኝ በሁለቱም አቅጣጫ በድምሩ በሰዓት 2 ሺህ አውቶሞቢሎች ያስተናግዳል ይል ነበር። አኃዙ በ1985ቱ እትም ወደ 2 ሺህ 800፣ በ2000ው ደግሞ ወደ 3 ሺህ 200 ከፍ ብሏል። በመጨረሻው እትም በአንድ አቅጣጫ የሚታሰበው ከ1 ሺህ 700 አይበልጥም። የመንገዱ ስፋት ሳይለወጥ ቁጥሩ ያደገው ተሽከርካሪዎችና የአነዳዱ ሁኔታ በመለወጣቸው፣ ልኬቱም በመሻሻሉ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች መስቀለኛ መንገድ፣ እግረኛና የቆመ ተሽከርካሪ የሌለበትን መንገድ የሚመለከቱ ናቸው። በከተማ ውስጥ አቅም በብዙ ምክንያቶች ይቀንሳል። የመንገድ ዳር ማቆሚያ፣ ተሳፋሪ ለማንሳት በመስመር መሐል መቆም፣ የጭነት ማራገፍ፣ በአስፋልት ጠርዝ ላይ የሚዘረጋ ሸቀጥ፣ የተቦረቦረ መንገድ፣ የእግረኛ መንገድ ባለመኖሩ በመኪና መስመር የሚሄድ ሰው እያንዳንዳቸው ከአቅሙ ይቀንሳሉ። ከሁሉም በላይ አቅምን የሚወስነው መጋጠሚያው ነው። ሰፊ ጎዳና ወደ ጠባብ አደባባይ የሚያስገባ ከሆነ የሚያሳልፈው አደባባዩ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው።

የስሌት ማሳያ

ዘዴውን ለማስረዳት የሚከተለውን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ እንጂ የተለየ ጎዳና ልኬት አይደሉም።

ወደ ከተማ በሚያስገባ አንድ መስመር ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት 150 ሞተር ብስክሌት፣ 300 ባጃጅ፣ 200 አውቶሞቢልና ሚኒባስ፣ 60 አይሱዙና መለስተኛ አውቶቡስ፣ 20 ከባድ መኪና፣ 5 ጋሪ አለፉ እንበል። ድምሩ 735 ነው። ሞተር ብስክሌቱ በ0 ነጥብ 4፣ ባጃጁ በ0 ነጥብ 8፣ አውቶሞቢሉና ሚኒባሱ በ1፣ አይሱዙና መለስተኛ አውቶቡሱ በ2፣ ከባዱ መኪና በ3፣ ጋሪው በ4 ቢባዙ የሰዓቱ መጠን 700 የአውቶሞቢል አቻ ይሆናል።

ሰዓቱ ግን በእኩል አይከፋፈልም። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ሊገባ ሲል ባለው አንድ ሩብ ሰዓት ብቻ 200 አቻ ካለፈ፣ በዚያ ፍጥነት የሰዓቱ ፍሰት 800 ነው ማለት ነው። 700 ለ800 ሲካፈል የሚገኘው 0 ነጥብ 875 የፍሰቱን እኩልነት የሚያሳይ ሲሆን፣ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ትራፊኩ በሰዓቱ ውስጥ ተመጣጥኖ መሰራጨቱን ያመለክታል።

መስመሩ ከቆመ ተሽከርካሪ ነጻ ሲሆን በሰዓት 1 ሺህ አቻ ያሳልፋል ቢባል የመጠንና የአቅም ምጥጥኑ 0 ነጥብ 8 ነው። መንገዱ ሥራ የበዛበት ቢሆንም ይንቀሳቀሳል። ባጃጆችና ሚኒባሶች በዚያው መስመር እየቆሙ ተሳፋሪ ሲያነሱ አቅሙ ወደ 750 ቢወርድ ግን ምጥጥኑ 1 ነጥብ 07 ይደርሳል። በዚያች ሩብ ሰዓት 12 ያህል ተሽከርካሪዎች ሳያልፉ ይከማቻሉ። ለእያንዳንዱ 7 ሜትር ቢታሰብ ሰልፉ ከ80 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ይህም ከኋላ ያለውን መጋጠሚያ ሊዘጋ ይችላል።

በምሳሌው የተሽከርካሪው ብዛት በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የመቆሚያ ቦታ አለመኖር ነው። እንዲህ ባለው ጎዳና ከመስመሩ ወጣ ያለ የመጫኛና የማውረጃ ቦታ ማዘጋጀት ከማስፋት ባነሰ ወጪ ችግሩን ሊያቃልል ይችላል።

የአገልግሎት ደረጃ

የምዘናው ውጤት ለተጠቃሚው ምን ትርጉም እንዳለው የሚገለጸው በአገልግሎት ደረጃ ነው። ከ1965ቱ እትም ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ይህ አመዳደብ ከኤ እስከ ኤፍ 6 እርከኖች አሉት። በኤ ደረጃ ነጂው በፈለገው ፍጥነት ይጓዛል። በሲና በዲ ደረጃዎች ነጻነቱ እየጠበበ ይሄዳል። በኢ ደረጃ መንገዱ አቅሙ ጫፍ ላይ ደርሷል። ኤፍ የሚባለው ፍሰቱ ከአቅም በላይ ሆኖ ሰልፍ የሚፈጠርበት ነው።

ቆጠራን በተመለከተ በዚህ ረገድ አንድ ስሕተት በተደጋጋሚ ይታያል። መንገድ ሲታፈን የሚያልፈው ተሽከርካሪ ቁጥር ይቀንሳል። ቆጣሪው ዝቅተኛ ቁጥር ሲመዘግብ መንገዱ ጭር ያለ ሊመስል ይችላል። በመሆኑም ካለፉት በተጨማሪ ሰልፍ ይዘው የሚጠብቁትን መቁጠርና የጉዞውን ጊዜ መለካት ያስፈልጋል።

የሚያልፍ ወይስ የሚገባ?

እንደ ሶዶ ላለች መጋጠሚያ ከተማ ቀጣዩ ጥያቄ የተሽከርካሪው መነሻና መድረሻ ነው። በከተማው መግቢያዎች ላይ ነጂዎችን በናሙና በመጠየቅ ወይም የሰሌዳ ቁጥርን በመግቢያና በመውጫ በማመሳከር ምን ያህሉ አላፊ፣ ምን ያህሉ ለከተማው ጉዳይ የመጣ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል።

ይህ መረጃ የሚሊዮን ብሮችን ውሳኔ ይለውጣል። በመሐል ከተማ የሚታዩት ከባድ መኪኖች አብዛኞቹ ከአርባ ምንጭ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ሆሳዕና የሚያልፉ ከሆነ ተለዋጭ መንገድ መሥራት ይጠቅማል። አብዛኞቹ በከተማው ገበያና መጋዘን የሚያራግፉ ከሆነ ግን ተለዋጩ መንገድ ቢሠራም መሐል ከተማው እንደተጨናነቀ ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው የማራገፊያ ሰዓት መወሰን ወይም የጭነት መናኸሪያን ማዛወር ነው። አላፊ ተሽከርካሪ ሲቀንስ የሻይ ቤቶች፣ የምግብ ቤቶችና የመኝታ ቤቶች ገቢ ሊነካ ስለሚችል የነጋዴው አስተያየት በጥናቱ ሊካተት ይገባል።

አዲስ መንገድ በምዘና ተደግፎ ጭነትን እንዴት እንደሚያቃልል በአገራችን የሚጠቀሰው የአዲስ አበባ - አዳማ የክፍያ መንገድ ነው። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና በጠቅላላው 6 መስመሮች ያሉት ይህ መንገድ በ2007 ዓ.ም አገልግሎት ሲጀምር የጅቡቲ መስመር ጭነት ከቀድሞው ባለ ሁለት መስመር መንገድ ተከፍሎ ሄዷል። በዚያ መስመር የነበረው ትራፊክ በአብዛኛው ረጅም ርቀት የሚጓዝ መሆኑ ለአማራጩ ውጤታማነት ምክንያት ሆኗል።

የወደፊቱን መገመት

መንገድ የሚሠራው ለዛሬ ብቻ አይደለም። ለ20 ዓመት የሚታቀድ ጎዳና የሚጠብቀውን ትራፊክ ለመገመት ሦስት ዓይነት ዕድገት ይታያል። አንደኛው ከሕዝብና ከኢኮኖሚ ዕድገት ጋር የሚጨምረው መደበኛ ትራፊክ ነው። ሁለተኛው ከሌላ መንገድ የሚዛወረው ነው። ለምሳሌ ከዓለም ገና በቡታጅራና በሆሳዕና ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሲሆን ቀድሞ በሻሸመኔ ይዞር የነበረ ጉዞ አጭር አማራጭ አግኝቷል። ሦስተኛው መንገዱ በመሠራቱ ብቻ የሚፈጠር አዲስ ጉዞ ነው።

በግምቱ ላይ ያለች ትንሽ ልዩነት ከፍተኛ ውጤት ታመጣለች። ትራፊክ በዓመት በ7 በመቶ ካደገ በ10 ዓመት ገደማ፣ በ10 በመቶ ካደገ ደግሞ ከ7 ዓመት ብዙም ሳይርቅ እጥፍ ይሆናል። እንደ ክልል መቀመጫነት ያለ ድንገተኛ ለውጥ ደግሞ ካለፉት ዓመታት መስመር ውጭ ስለሆነ ቀድሞ የተሠራ ግምት እንዲከለስ ያስገድዳል።

ሰውን መቁጠር

የምዘናው ትልቁ ክፍተት ተሽከርካሪን እየቆጠሩ ሰውን መርሳት ነው። 3 ተሳፋሪ የያዘ ባጃጅና ከ20 በላይ ሰው የያዘ መለስተኛ አውቶቡስ በአውቶሞቢል አቻ ሲመዘኑ አውቶቡሱ የበለጠ ጫና ይመስላል። በሰው ቁጥር ሲመዘኑ ግን አውቶቡሱ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚይዘው የመንገድ ድርሻ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ የሕዝብ ማመላለሻ ቅድሚያ ማግኘት የመንገዱን አቅም ይጨምራል።

እግረኛው ደግሞ በአብዛኛው የቆጠራ ቅጽ ላይ ሥፍራ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በዓመት 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች እንደሆኑ ገልጿል። የመኪና መስመር ለመጨመር ሲባል የእግረኛ መንገድ ከጠበበ እግረኛው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ የተጨመረው አቅምም በከፊል ይጠፋል፤ የሰውም ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረውና ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ቦታ መስጠቱ በዚህ ዓይን ሲታይ የአቅም ጉዳይም ጭምር ነው።

ከምዘና ወደ ውሳኔ

ከላይ ከተገለጸው እንደምንረዳው ምዘናው ሲጠናቀቅ መፍትሔዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል ሊታዩ ይገባል። በመጀመሪያ የመቆሚያ፣ የማራገፊያና የመናኸሪያ ስምሪት ይስተካከላል። ቀጥሎ መጋጠሚያዎች ይሻሻላሉ፤ እንደ ሁኔታው አደባባይ ይስተካከላል ወይም የትራፊክ መብራት ይተከላል። በመቀጠል የእግረኛ መንገድና የውስጥ ለውስጥ አማራጭ መንገዶች ይሠራሉ። ማስፋትና ተለዋጭ አውራ ጎዳና መገንባት እነዚህ ሁሉ ተሞክረው ወይም ተሰልተው ምጥጥኑ ከ1 በታች ሊወርድ እንደማይችል ሲረጋገጥ የሚመጡ ናቸው።

የአንድ ሳምንት ቆጠራ ወጪ ከአንድ ኪሎ ሜትር አስፋልት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሱቁ ይፈርሳል ለተባለ ነጋዴ፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ለሚልክ ወላጅና በጀቱን ለሚመድበው ምክር ቤት ግን የቆጠራው ውጤት ውሳኔው በምን ላይ እንደቆመ ያሳያል። ወላይታ ሶዶ የመንገዶች መገናኛነቷን ወደ ልማት ለመለወጥ የምታደርገው ጥረት በጎዳናዎቿ ምን፣ መቼና ከየት ወዴት እንደሚያልፍ በየጊዜው በመመዝገብ ቢጀመር የሚወሰደው እርምጃ የታለመለትን ግብ ይመታል።